ቁልፉ በግጥሙ ውስጥ የለም

ጃንዋሪ 14፣ ሰኞ

ዝናብ። የክፍሉ ማሞቂያ ዛሬም አልሠራም። ሃያ ስድስት ልጆች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ። ለዛሬው ግጥም ብርዱ ያግዛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የሰመጠው መርከበኛ ግጥም። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ አስተምረዋለሁ። ሃያኛ ጊዜዬ ይሆን? ባል ባሕር ላይ ይሰምጣል። ሚስት መስኮቱ ላይ መብራት ታኖርለታለች። በሦስተኛው ሌሊት በሩ ይንኳኳል፣ ትከፍታለች። ይገባል፣ የድሮ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ አይበላም፣ አይናገርም። ጠዋት ጎረቤት ሲመጣ ወንበሩ በባሕር ውኃ ርሷል፣ ሴትዮዋ የለችም። ይኸው ነው።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላቸው። ጸጥ አሉ። ኪቶ እስኪያበላሸው ድረስ።

«ሚስ፣ ፎጣ ለምን አልሰጠችውም?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

«አንተ ብትሆን ትከፍትለት ነበር?»

«እኔማ በመስኮት ነው የምወጣው፣ ሚስ።»

«በዚያ ሆድህ?» አለችው አንዷ ከኋላ።

እጅ አስወጣሁ። መክፈት ነበረባት የሚሉ ዘጠኝ። አልነበረባትም የሚሉ አሥራ ስድስት። አንዷ እጇን አላነሣችም። ሎዌና ቫይን፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ዝምተኛዋ።

«አንቺስ ሎዌና?»

«ጥያቄው ልክ አይደለም፣ ሚስ።»

«እንዴት?»

«እሷ አልከፈተችለትም። ቁልፍ አለው።»

«የት ይላል?» አልኳት።

ሌሎቹ ተቀበሉኝ። «የት ይላል! የት ይላል!» በቀን ሃምሳ ጊዜ የምለው ቃል ነው፤ ሲያሾፉብኝም የሚሉት እሱኑ ነው። ምን ላድርግ? ፈታኞቹ ነጥብ የሚሰጡት ገጹ ላይ ላለው ብቻ ነው።

ሎዌና ወረቀቱን አየት አደረገች። «አይልም» አለች። ወረቀቱን በግንባሩ ደፋችው።

ጃንዋሪ 17፣ ሐሙስ

የአሥራ አንደኛ ክፍል ደብተሮች። ፔትሮክ ማኬሬል ዓሣ ጠብሶ ቤቱን በጢስ ሞላው። ሚስቱ ካባረረችው ወዲህ ወንድሜ የኔ ተከራይ ነው፤ ኪራዩን በዓሣ ይከፍላል።

ሃያ አምስቱ ያው ናቸው። «ገጣሚው ባሕሩን የሞት ምልክት አድርጎ ተጠቅሟል...» እኔ ነኝ እንደዚህ ያስተማርኳቸው። የሎዌና ግን...

«የሰመጠው ሰው አያንኳኳም። ቁልፍ አለው። የሄደ ቀን ቁልፉን ሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር፣ ግን ከዚያ በፊት ሌላ አስቀርጿል። ሴትዮዋ ሥራ ስትሄድ ይመጣል። ምንም አይወስድም። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መምጣቱ የሚታወቀው ትራሱ ሞቆ ስለሚገኝ ነው። አንዳንዴ የጠጣበትን ኩባያ አጥቦ ይደፋዋል፣ እንድታውቅ። ሴትዮዋ ለሰው ብትናገር፣ ስንቱን ከባሕር ያወጣ ሰው ነው፣ ስሙን አታጥፊ ይሏታል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትጽፋለች ይህች ልጅ። ግን የሰመጠው መርከበኛ ማንን ከባሕር አወጣ? የቱ ኩባያ? በቀይ ጻፍኩበት፦ «ምናብሽ ጥሩ ነው። ይህ ግን በግጥሙ ውስጥ የለም። ከግጥሙ እየጠቀስሽ ድገሚው።» ከአሥራ ሁለት ሦስት። ቀኑንም ከሥሩ።

ጃንዋሪ 18፣ ዓርብ

ማሞቂያው ተጠገነ። አሁን ደግሞ አይጠፋም።

ጃንዋሪ 21፣ ሰኞ

ሎዌና ደግማ ጻፈች፣ እዚያው ደብተር ላይ፣ ከቀዩ ጽሑፌ ቀጥሎ ባለው ገጽ። «ገጣሚው በሩን በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለ ድንበር አድርጎታል...» ሦስት ጥቅስ። ንጹሕ አንቀጽ። አሥራ አንድ ሰጠኋት፤ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ቁልፉስ?» አለ ኪቶ።

«ጣልኩት» አለችው።

ሳቁ። እኔም።

ጃንዋሪ 25፣ ዓርብ

ይህን ሳልጽፍ አልተኛም። ምናልባት ምንም አይደለም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደብ ላይ ሥጋ ወይም አይብ የተሞላ ቂጣ የሚጋገርበት ፓስቲ ቤት ገባሁ። ጆስሊን፣ የሎዌና እናት፣ እዚያ ነው የምትሠራው። ዱቄት እስከ ክርኗ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ ወይዘሮ ቲሪል ነበሩ፤ እሳቸው እንደሆኑ አፋቸው አያርፍም።

«ጆስ፣ ገረንን የምትመልሺው መቼ ነው? ሰውየው ከስቶ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መሰለልሽ።»

«እዚሁ ገብቶ ይበላላ» አለች ጆስሊን፣ ሣጥኑን እያሰረች። «የሥጋ ነው የአይብ?»

«የአይብ። እንደሱ ያለ ሰው መቼም ሁለተኛ አታገኚም።»

«አዎ፣ ሁለተኛ አላገኝም። ቁልፌን ራሱ መልሶልኛል። እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጠው፣ እርስዎም ቆመው ነበር።»

«ነበርኩ እንጂ። እንባው መጥቶ ነበር ምስኪን!»

እኔ የሥጋ አዝዤ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ደርሼ ቆምኩ። ቁልፉን ሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ... ስንቱን ከባሕር ያወጣ ሰው...

ገረን ሆስኪን የነፍስ አድን ጀልባው አዛዥ ነው። ሁለት ዓመት ከጆስሊን ጋር ኖሮ በመከር ተለያዩ። እዚህ ከተማ እሱ ያላወጣው ሰው ያለበት ቤት ጥቂት ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት የፔትሮክ ጀልባ ስትገለበጥ፣ ሃምሳ ደቂቃ ውኃ ውስጥ ቆይቶ፣ እጁን ይዞ ያወጣው ገረን ነው።

ደንቡን አውቃለሁ። በየመስከረሙ ያስፈርሙናል። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ከጻፈ ወይም ከተናገረ፣ እውነት ይሁን አይሁን አንተ አትመርምር፣ ማንንም አታማክር፣ ቢጫውን ቅጽ በዚያው ቀን ሞልተህ ለምክትል ርእሰ መምህሩ ስጥ። በዚያው ቀን። የኔ ስምንት ቀን ሆኖታል።

እራት ላይ ለፔትሮክ ነገርኩት። ለምን ነገርኩት? አይደለም እንዲለኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሹካውን አስቀመጠ። «ገረን? አብደሻል እንዴ?»

«ልጅቷ ነች የጻፈችው።»

«ልጅቷ ስለ ሙት መንፈስ ጻፊ ተብላ ስለ ሙት መንፈስ ጻፈች። ያዘዝሻት አንቺ!»

«ቁልፍ ብላለች።»

«ሄስተር፣ ስሚኝ እህቴ። ያንን ቅጽ አንዴ ከሞላሽ ሰውየው አለቀለት። ጀልባውን ይቀሙታል። በልጅ ድርሰት?»

ሳህኖቹን አነሣሁ።

«ለማንም እንዳትናገር» አልኩት በመጨረሻ።

«እኔ ምን አገባኝ» አለ።

ጃንዋሪ 28፣ ሰኞ

ከክፍል በኋላ ሎዌናን አስቀረኋት። ይህም ከደንቡ ውጭ ነው።

«መጀመሪያ የጻፍሽው... ስለ ቁልፉ። ቤት ሰላም ነው?»

ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ አየችኝ።

«ግጥም ነው እኮ፣ ሚስ።»

«ግጥሙ ውስጥ የለም።»

«አዎ፣ ብለውኛል።»

ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅኩ። አውቶቡስ ያመልጠኛል ብላ ወጣች።

ከቢሮ ቢጫ ቅጽ ወሰድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ፌብሩዋሪ 4፣ ሰኞ

ቅጹ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ። ምክትሉን ሚስተር ቦሊቶን ደረጃ ላይ አገኘሁት፤ በሁለት እጁ ወንበር ተሸክሞ ነበር። «ሄስተር፣ አስቸኳይ ነው?» አለኝ። «አይደለም» አልኩት።

እንዴት እንደዚያ አልኩ?

ፌብሩዋሪ 11

ስሟን፣ ክፍሏን፣ ቀኑን ሞላሁ። «ያሳሰበዎት ነገር» የሚለው ሣጥን ባዶ ነው። ምን ብዬ ልጀምር... «በግጥም ላይ በተሰጠ የቤት ሥራ...» ሲነበብ ያስቃል።

ፌብሩዋሪ 15፣ ዓርብ

ለሳምንት ዕረፍት ተዘጋ። ቦሊቶ ከሰዓት በፊት ሄዷል አሉኝ። እንግዲህ በ25 ነው።

ፔትሮክ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ፣ ፊቱ ቀልቷል። ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ።

«አንድ ነገር ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ?»

«ምን አደረግህ?»

«ጀልባ ቤቱ ጋ ከገረን ጋር ነበርን። ቀለድን፣ ጠጣን... የጆስ ልጅ ድርሰት ላይ አወጣችህ አሉ አልኩት። በቀልድ እኮ ነው!»

«እሱስ?»

«ሳቀ። ቆይቶ ግን መጣና ምን ብላ ነው የጻፈችው አለኝ።»

«ነገርከው?»

«ስለ ቁልፉ ብቻ።»

ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ ቁልፉ ብቻ።

ትምህርት ቤት ደወልኩ፤ ከ25 በኋላ ይደውሉ የሚል የተቀዳ ድምፅ። ፖሊስ? ምን ልላቸው? ልጅ ድርሰት ጻፈች፣ እኔ ሦስት ሰጠኋት ልበል? ጆስሊን ቤት በር ድረስ ሄድኩ። መብራት የለም፤ ተመለስኩ። ወደ ፓስቲ ቤቱ አልሄድኩም። አምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ፌብሩዋሪ 16፣ ቅዳሜ

ፓስቲ ቤት ሄድኩ። ጆስሊን ለእረፍት እህቷ ጋ ፕሊመዝ ሄዳለች፣ ማክሰኞ ትመለሳለች አሉኝ። ልጅቷም አብራት። እፎይ አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ረቡዕ

አምቡላንስ። ሁለት የፖሊስ መኪና። ቀን፣ አሥር ሰዓት።

ሎዌና ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስ እናቷን ደረጃው ሥር አገኘቻት። ሞታለች።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ፌብሩዋሪ 21፣ ሐሙስ

ገረን ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ አሉ፦ እንነጋገር ብላ ጠራችኝ፣ በሩን ከፈተችልኝ፣ ሻይ ጠጣን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቆማ ሸኘችኝ። ከዚያ በኋላ ወድቃ ይሆናል። ያ ደረጃ ጠባብ ነው። ጆስሊን ደግሞ ሁልጊዜ ትቸኩላለች ብሏል።

ከተማው አመነው። የጀልባው ሰዎች በሙሉ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ብርቱካንማ ጃኬታቸውን ለብሰው ጠበቁት። ወይዘሮ ቲሪል መንገድ ላይ አስቁመውኝ «አየሽ፣ በመጨረሻ ሊታረቁ ነበር» አሉኝና አለቀሱ።

ፔትሮክ አልበላም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ፌብሩዋሪ 22፣ ዓርብ

ስልክ። መርማሪ ፍሪየር ነኝ አለች፤ ድምፅዋ የወጣት ነው።

«የሎዌና ቫይን መምህርት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ልጅቷ ሰውየው ቁልፍ ነበረው ትላለች። ለማን ተናግረሽ ነበር ስንላት፣ ጽፌዋለሁ አለችን። ደብተሩ እርስዎ ጋ ነው?»

እኔ ጋ ነው። ለእርማት የሰበሰብኩት ክምር ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር።

«ነገ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» አለች።

ፔትሮክ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«አንድ ገጽ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛው አለ አይደል? አሥራ አንድ የሰጠሽው። እሱን ታሳያታለሽ። ልጅ ናት፣ ተደናግሯት ነው ይላሉ።»

«ቁልፍ እንደነበረው ሌላ የሚያሳይ ነገር የላቸውም፣ ፔትሮክ። ራሷ ከፈተችልኝ ብሏል እኮ።»

«ከፍታለት ቢሆንስ? አንቺ ነበርሽ እዚያ?» ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ውኃው ውስጥ ነበርኩ። ጣቶቼ አይሰሙኝም ነበር። ልለቅ ስል የያዘኝ እሱ ነው። ልቀቀኝ ብዬዋለሁ እኮ! አልለቀቀኝም። ይህ ሰው ነው ሴት የሚገድለው?»

 ያ እውነት ነው። ቁልፉ ደግሞ...

«የነገርኩት እኔ መሆኔም ይወጣል» አለ ቀስ ብሎ። «የኔም ያንቺም። ሥራሽ ያበቃል።»

ወደ ክፍሉ ገባ። ደብተሩን ከፈትኩ። የሷ ሰማያዊ እስክሪብቶ። የኔ ቀይ። ጃንዋሪ 17። ገጹ ከወጣ ያንን ቀን ማንም አያውቅም፤ እኔ ማንበቤን፣ ሰላሳ አራት ቀን መቀመጤን። ሰውየው ቁልፍ እንደነበረው ከመሞቷ በፊት መጻፉንም ማንም አያውቅም። ገጹ ቀጭን ነው። በሁለት ጣት ይወጣል።

ይዤው ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት? ሻዩ በረደ።

ፌብሩዋሪ 23፣ ቅዳሜ

ሰጠኋት።

መርማሪዋ ቆማ አነበበችው፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ተቀመጠች።

«ይህ ቀይ የርስዎ ነው?»

«አዎ።»

«ቀኑም?»

«አዎ።»

«ለትምህርት ቤቱ መቼ አሳወቁ?»

«አላሳወቅሁም። ለወንድሜ ነገርኩት። ወንድሜ ለገረን ነገረው።»

ብዕሯ ቆመ። «ገረን ሆስኪን ስለዚህ ጽሑፍ ያውቅ ነበር እያሉኝ ነው?»

«ከመሞቷ አምስት ቀን በፊት ጀምሮ።»

ጽፋ፣ ጽፋ፣ አስፈረመችኝ። ፔትሮክ ወጥ ቤት ነበር። ከጓሮ በር ሲወጣ ሰማሁት። ኋላ ክፍሉን ሳይ ጫማውንና ምላጩን ወስዷል።

ማርች 6፣ ረቡዕ

ከሥራ ታግጃለሁ። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው፤ ቦሊቶ ፈርሞበታል።

ገረን ትናንት ታሰረ። በአጎራባች ከተማ ያለ ቁልፍ ቀራጭ አስታወሰው፤ በነሐሴ ወር የተቀረጸ፣ ገረን ድሮ የቀራጩን ነፍስ አትርፎ ስለነበር ገንዘብ አልተቀበለውም። ለዚህ ነው ያስታወሰው። ደብተሩን ባያዩ እሱ ጋ የሚሄዱበት ምክንያት አልነበራቸውም አለችኝ መርማሪዋ። ይህን የነገረችኝ ለማጽናናት ይመስለኛል።

ዳቦ ቤት ስገባ ወሬው ቆመ። ሻጩ ሂሳቤን ተቀብሎ መልሱን እጄ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ግማሹ የሚጠላኝ ገረንን አሳልፌ ስለሰጠሁ ነው። ግማሹ ጆስሊንን ስላላዳንኩ። ሁለተኞቹ ትክክል ናቸው።

ማርች 19

የጆስሊን ቀብር። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ።

ጁን 10፣ ሰኞ

የመምህርነት ፈቃዴ ተሰረዘ። አልተከራከርኩም። ልጆቹ ዛሬ ተፈተኑ፤ ኪቶን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ግጥሙ መጣ፣ ሚስ» አለኝ። ምን ጻፍክ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። «እርስዎ ያሉንን።»

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

ፍርድ። ጥፋተኛ፤ ቢያንስ ሃያ አንድ ዓመት። ገረን ቆሞ ሰማ፣ ሁለት እጁን የተከሳሽ መቆሚያው እንጨት ላይ አድርጎ። ትላልቅ እጆች ናቸው። ፔትሮክ ከጀልባው ሰዎች ጋር ኋላ ተቀምጦ ነበር። አላየኝም፤ ወይም አይቶኛል።

ሰኞ ዕለት እኔ ስመሰክር የገረን ጠበቃ ደብተሩን ከፍ አድርጎ፣ «ልብ ወለድ ነው ብለው ያመኑት እርስዎ ነዎት፤ ከአሥራ ሁለት ሦስት ሰጥተዋል፣ አይደለም?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ዛሬ ስሕተት ነበር ሊሉን ነው?» «አዎ» አልኩ። 

ከፍርዱ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሎዌና ብቻዋን ቆማ ነበር። አክስቷ መኪና ልታመጣ ወጥታለች። ረዝማለች። ፕሊመዝ ነው የምትማረው። ላልፋት ነበር።

«ሚስ።»

ቆምኩ። ይቅርታ የሚል ቃል ለሰባት ወር ስፈልግ ኖሬ ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ሁለተኛውን ለምን ጻፍሽው?» አልኳት። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ይህን።

«ድገሚው ሲሉኝ ምን ላድርግ?» አለች። አልተቆጣችም። «መጀመሪያ ስጽፈው... ለሰው የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ደብተሩ ሲመለስ ቀለለኝ፣ እስክከፍተው።»

 ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ።

«ደብተሩን ይመልሱልኛል?» አለች።

«ይግባኝ እስኪያልቅ የሚይዙት ይመስለኛል። ለምን ፈለግሽው?»

«ሽፋኑ ላይ ስሜን የጻፈችልኝ እማ ናት። መስከረም ላይ፣ ዱቄት በነካ እጇ። ጽሑፏ ያለበት ሌላ ነገር... ቤቱ ሲለቀቅ ሁሉንም ጣሉት።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ውስጡን አልፈልገውም። ሽፋኑን ብቻ።»

ወረደች። እኔ የደብተሩን ሽፋን ልጠይቅላት ወደ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ተመለስኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። የልጅቷ አሳዳጊ ወይም ጠበቃ መሆን አለብዎት አለኝ። አይደለሁም። ማመልከት ግን ይቻላል? ይቻላል፣ ተስፋ ግን አይስጧት አለ። ቅጽ ጠየቅኩ። ነገ ይምጡ፣ ዘግተናል አለኝ።

«አሁን ነው የምሞላው» አልኩት። «ቆሜ እሞላዋለሁ።»

አየኝ። ቅጹን በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፈልኝ። ማኅተም መትቶ እስኪመልስልኝ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀስኩም።